ቅጂና ሐሰት፦ የመለዋወጫ ዕቃ እውነት በጣና ዳርቻ

በባሕር ዳር የመለዋወጫ መደብሮች የፍሬን ሸራ የሚፈልግ የባጃጅ ሹፌር ዋጋ ከመጠየቁ በፊት «ኦሪጅናል ነው ወይስ ኮፒ?» ይላል። ጥያቄው አጭር ነው፤ የሚነካው ግን ፈላስፎችንም የሃይማኖት መምህራንንም ሲያከራክር የኖረ ጉዳይ ነው። አንድ ዕቃ እውነተኛ የሚባለው በምኑ ነው? በሠሪው ስም፣ በመልኩ ወይስ በሚሰጠው አገልግሎት? የማይታይ ጉድለት ያለበትን ዕቃ እያወቀ የሚሸጥ ሰውስ በደሉ ምን ያህል ነው?

መቅዳት በራሱ ነውር አለመሆኑን የጣና ገዳማት ይመሰክራሉ። በክብራን ገብርኤል፣ በዳጋ እስጢፋኖስና በዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚጠበቁት የብራና መጻሕፍት ከሞላ ጎደል ሁሉም ቅጂዎች ናቸው። ጸሐፊው ከፊቱ የተዘረጋውን መጽሐፍ ይገለብጣል፤ የዘለለው ቃል ሲገኝ በኅዳግ ወይም በመስመር መካከል ይገባል። ብዙ ጊዜም በመጨረሻው ቅጠል ላይ የጸሐፊውና የአስጻፊው ስም ተጠቅሶ አንባቢ እንዲጸልይላቸው ይለመናል። እንዲህ ያለ ቅጂ በማን እጅ እንደተሠራ ስለሚናገር ማንንም አያታልልም። በብራናው ዓለምም ቢሆን ሐሰት አልጠፋም፤ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም የተጻፈባቸው መጻሕፍት አሉ። በደሉ ያለው ከፍቀቱ ላይ ነው።

ይህ ልዩነት ለመለዋወጫ ዕቃም ይሠራል። አንድ ፋብሪካ ለታወቀ ተሽከርካሪ የሚገጥም ሸራ ሠርቶ በራሱ ስም ቢሸጠው ቅጂ ነው፤ በሌላው ስምና ሳጥን አሽጎ ቢሸጠው ሐሰት ነው። ሁለቱ ዕቃዎች በመልክ መንታ ሊሆኑ ይችላሉ። የፍሬን ሸራ ክሮች፣ የብረት ብናኝና ማዕድናት በሙጫ ተቀይጠው በሙቀትና በግፊት የሚበስሉበት ነገር ነው። ቅይጡ ቢጓደል ወይም ሙጫው በቅጡ ባይበስል በባሕር ዳር ሜዳማ ጎዳና ላይ ላይታወቅ ይችላል። ጉድለቱ የሚጋለጠው ሸራው ሲግል ነው። ከአዲስ አበባ ጭኖ የሚመጣ መኪና ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ በዚያ ቁልቁለት የጋለ ደካማ ሸራ የመያዝ ኃይሉን ያጣል። የሳጥኑ ውሸት የሚታወቀው እዚያ ነው።

የጣና ዳር ሕዝብ የሚከተላቸው ሁለቱ ታላላቅ ሃይማኖቶች በዚህ ላይ ቃላቸው አንድ ነው። ኦሪት ዘዳግም በአንድ ከረጢት ውስጥ ትልቅና ትንሽ መመዘኛ መያዝን ይከለክላል፤ በአንድ ስም ሁለት ዓይነት ዕቃ የሚሸጥ መደብርም ያው ከረጢት ነው። ከቁርኣን ምዕራፎች 83ኛው ስያሜውን ያገኘው ስፍርና ሚዛን ከሚያጓድሉ ሰዎች ነው። ነቢዩ ሙሐመድ በገበያ በእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ከትተው ከሥሩ እርጥበት ባገኙ ጊዜ፣ ሻጩን እርጥቡን ገዢ እንዲያየው ከላይ ባለማድረጉ እንደገሠጹት በሐዲስ ተዘግቧል። ተግሣጹ ያረፈው እህሉን ባረጠበው ዝናብ ላይ ሳይሆን ጉድለቱ በመሸፈኑ ላይ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭን ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ ያደርገዋል፤ ሻጩ ጉድለቱን በተንኮል ከደበቀ በውሉ ላይ «ዋስትና የለኝም» ብሎ ማስፈሩ አያድነውም።

የሚነሳው መከራከሪያ ግን ቀላል አይደለም። የባጃጁ ሹፌር ኦሪጅናሉን የሚገዛበት ገንዘብ የለውም፤ ሻጩም ዝም አለ እንጂ አልዋሸም ይባላል። ሮማዊው ሲሴሮ የሁለቱን ፈላስፎች፣ የዲዮጋንንና የአንቲጳጥሮስን፣ ክርክር ሲዘግብ ይህንኑ አንስቷል፤ አንደኛው ዝምታ ማታለል አይደለም ሲል ሌላው የሚያውቁትን ከገዢ መሰወር የሰውን ማኅበራዊ ግዴታ ማፍረስ ነው ይላል። ለፍሬን ሸራ የሁለተኛው ሐሳብ ይበልጥ ያሳምናል። ሹፌሩ ኮፒ መሆኑን አውቆ ከገዛ በጊዜ ያስፈትሸዋል፣ ቶሎም ይቀይረዋል፤ ያልተነገረው ግን ይተማመንበታል። ከዚህም ሌላ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ተሳፋሪ በድርድሩ ላይ አልነበረም። ሻጭና ገዢ በዋጋ ሊስማሙ ይችላሉ፤ በሦስተኛ ሰው ሕይወት ላይ የመስማማት ሥልጣን ግን የላቸውም። ስለዚህ እውነትን መናገር ዋጋን ፍትሐዊ ያደርጋል እንጂ ፈጽሞ የማይይዝ ፍሬን መሸጥን የተፈቀደ አያደርግም።

የታወቀ ስምም ብቻውን የእውነት ዋስትና አይደለም። ለዓለም ታላላቅ የመኪና ፋብሪካዎች የአየር ከረጢት ያቀርብ የነበረው የጃፓኑ ታካታ የፍተሻ ውጤቶችን ማጭበርበሩን አምኖ እ.ኤ.አ. በ2017 ከስሯል። ከረጢቶቹ ኦሪጅናል ነበሩ፤ ቃላቸው ግን ሐሰት ነበር። በዚህ መለኪያ እውነተኛ ዕቃ ማለት በላዩ የተጻፈውን ቃል የሚጠብቅ ዕቃ ነው። አምራቾች በዕቃው ላይ የምርት ቁጥር የሚመቱትም ጉድለት ሲገኝ ወደ ምንጩ ለመመለስ ነው። የቶዮታ ቤት መነሻ የሆነው ሳኪቺ ቶዮዳ እ.ኤ.አ. በ1924 ያወጣው የሽመና ማሽን ክር ሲበጠስ በራሱ ይቆም ነበር። የፈጠራው ብልሃት ማሽኑ ጉድለቱን ሳይደብቅ መናገሩ ነው፤ ቶዮታም ይህንኑ ወደ መኪና ሥራ አሻግሮታል።

ጉድለትን መደበቅ የገበያ ውድድርንም ያዛባል። አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 እንዳሳየው፣ ገዢ ደህናውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ብቻ ይሰጣል፤ በዚያ ዋጋ ደህና ዕቃ የሚያቀርበው ይከስርና ገበያውን ይለቃል። ሐሰት የሚጎዳው አንድ ገዢን ብቻ አይደለም፤ ጥሩ ለመሥራት የሚደክመውንም ከገበያ ያስወጣል።

በጣና ላይ የሠሪና የዕቃ ግንኙነት ምን ሊመስል እንደሚችል ታንኳ ያሳያል። ከደንገል ታንኳ የሚሠራው የወይጦ ማኅበረሰብ ሰው በሠራው ላይ ተቀምጦ ሐይቁን ይቀዝፋል፤ ቢያጭበረብር ቀድሞ የሚሰጥመው እሱ ነው። በከተማው ቶርኖ ቤቶች ቡሽ የሚቀርጸው ባለሙያም ለዚህ ይቀርባል፤ የሠራው ባይገጥም ደንበኛው በማግሥቱ በሩ ላይ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተውና ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው ፖሊቴክኒክም ለዚህ ሙያ የሚሆን ዕውቀት ለከተማዋ ሰጥቷል። ይሁንና ቶርኖ ሠራተኛው በቀረጸው ዕቃ ላይ ስሙን ሲመታ እምብዛም አይታይም። ባለ እጅ ለዘመናት ሲናቅ በኖረበት አገር ይህ አይገርምም፤ አፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰው ነበር። ስሙን ለመጥራት የሚያፍር ባለሙያ ባለበት ገበያ የሌላውን ስም የሚሰርቅ ነጋዴ ቦታ ያገኛል።

የብራናው ጸሐፊ ቅጂውን በስሙ ፈረመ፤ ቅጂውም ቅርስ ሆነ። የባሕር ዳር ባለሙያም የሌላውን ንድፍ እየተከተለ በራሱ ስም ቢጀምር የሚያፍርበት ነገር የለም፤ ስሙ ያለበትን ዕቃ ማሻሻል የሚገደው እሱ ራሱ ነውና።