ሕግ የተወውን ንግግር ማን ይመዝነው?



አባቶቻችን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እያሉ አንደበታችንን እንድንቆጥብ ይመክሩናል። ዳሩ ግን ዝምታ ሁሉ ጨዋነት ከሆነ፣ ድኻ ሲበደል አይቶ ያለፈውም ጨዋ ሊባል ነው። እንግዲህ የመናገር ነፃነት ድንበሩ የት ነው? ድንበሩንስ የሚያበጀው ሕግ ብቻ ነውን?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሐሳብን በነፃ የመግለጽን መብት ይደነግጋል፤ ቅድመ ምርመራንም ይከለክላል። የጦርነት ቅስቀሳንና ሰብአዊ ክብርን የሚነካ የአደባባይ መግለጫን ግን አይፈቅድም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 ደግሞ ሰውን በብሔሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዘሩ፣ በጾታው ወይም በአካል ጉዳቱ ምክንያት ሆን ብሎ የሚያስጠላ ንግግር የተናገረውን እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ይቀጣል። በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ እስራቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል።

ይኸው አዋጅ የምርምርን ሥራ፣ ዜናን፣ የፖለቲካ ትችትን፣ ኪነ ጥበብንና ሃይማኖታዊ ትምህርትን ከክልከላው ለይቶ ትቷል። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሕጉ ከተወን ሁሉ ተፈቅዶልናል ማለት ነውን?

በገሰራ፣ በሮቤና በጎባ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ ይውላል፤ በለቅሶም አንዱ ለሌላው ይደርሳል። «እኔ የማምነው ይህን ነው፤ በዚያኛው አልስማማም» ማለት ትምህርት ነው። «እነዚያ ሰዎች አይታመኑም፤ ጉርብትናቸውም አይበጅም» ማለት ግን ስለ እምነት አንዳች አያስተምርም፤ በጎረቤት ላይ ይፈርዳል እንጂ። ይህን በስብከት መካከል ብንሸጉጠው፣ በፍርድ ቤት «ትምህርት ነው» ብለን እንከራከር ይሆናል። በለቅሶ ድንኳን ከዚያው ጎረቤት ጋር ፊት ለፊት ስንቀመጥስ ምን እንመልሳለን?

አንዳንዶች «ቅጣቱ ይክበድ» ይላሉ። አዋጁ መጋቢት 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ታወጀ። ሰኔ 22 ቀን ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል በኦሮሚያ በልዩ ልዩ ቦታዎች ሁከት ተነሣ፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በምርመራው 123 ሰዎች እንደ ሞቱ አስታውቋል። ሕጉ ሦስት ወር አልፎት ነበር። ሕግ የሚቀጣው ቃሉ ከተነገረ በኋላ ነው፤ ሳይነገር የሚከለክለው ተናጋሪው ራሱና አጠገቡ የተቀመጠው ጓደኛው ናቸው።

ደግሞም ሕጉ ከልክ በላይ ቢጠብቅ የሚፈራው ተሳዳቢው ብቻ አይደለም። ማዳበሪያ ዘገየብኝ ብሎ በባለሥልጣን ላይ የሚጮኽ ገበሬ ማንንም አልጠላም፤ መብቱን ጠየቀ እንጂ። የእርሱ አፍ ከተዘጋ ለሁላችንም ጉዳት ነው።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ስለ ሌላው ሕዝብ ከመናገራችን በፊት ያ ሰው ከመካከላችን ተቀምጦ እንደሚሰማን አድርገን እናስብ። እርሱ ባለበት የማንደፍረውን፣ እርሱ በሌለበትም አንናገረው። በጉባኤያችን እንዲህ ያለ ቃል ሲወጣ ብንሰማም፣ ተናጋሪው ወዳጃችን ቢሆን እንኳ «ይህስ አይባልም» እንበለው። የመናገር ነፃነታችንን እዚያ ላይ እንጠቀምበት።