ለጤነኛ ጫጩት መድኃኒት አታጠጡ

የሥጋ ዶሮ የምታረቡ ወንድሞችና እኅቶች፣ በቢሾፍቱም ሆነ በአዳማ፣ በሐዋሳም ሆነ በባሕር ዳር፣ 100 ጫጩት ይዛችሁም ሆነ 5,000፣ አንድ ልማድ እንድትተዉ ልለምናችሁ። ጫጩቶቹ ገና ከካርቶን እንደወረዱ፣ አንዳቸውም ሳይታመሙ፣ «ያጠነክራቸዋል» ተብሎ ውኃቸው ውስጥ የሚበጠበጠውን ዱቄት ተዉት። ብዙዎቻችሁ ቫይታሚን ትሉታላችሁ። እሽጉን አዙራችሁ አንብቡ፤ ከቫይታሚኖቹ ጎን ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚል ካገኛችሁ የያዛችሁት አንቲባዮቲክ ነው።

ይህ ልማድ የእኛ ብቻ አይደለም። ጁክስና ስቶክስታድ የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ቫይታሚን ቢ12 ሲፈልጉ፣ ኦሪዮማይሲን የተባለው መድኃኒት ሲመረት የሚቀረውን ዝቃጭ ለጫጩቶች አበሉ፤ ጫጩቶቹም ከተጠበቀው በላይ አደጉ። ይህ በ1950 እ.ኤ.አ. ከተሰማ በኋላ አንቲባዮቲክን በመኖ መቀላቀል በዓለም ተዛመተ። ዕዳው ቆይቶ ታየ። በየቀኑ በጥቂቱ የሚሰጥ መድኃኒት ደካማውን ባክቴሪያ ገድሎ ብርቱውን ያስቀራል፤ ብርቱው ይራባል፣ በኩስ ይወጣል፣ ወደ ጓሮ አትክልትና ወደ ሰው እጅ ይሻገራል። ስዊድን በ1986 ለማሳደጊያ ተብሎ አንቲባዮቲክ መመገብን ከለከለች፤ የአውሮፓ ኅብረትም በ2006 ተከተለ። ዶሮ ወጥ ብዙ ሰዓት ስለሚበስል ምን ይነካናል የሚል አይጠፋም። እሳቱ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ የመድኃኒቱን ቅሪት ግን ሁሉንም አያጠፋም። ደግሞም ከእሳቱ በፊት ዶሮዋን የሚገነጥሉና ደጋግመው የሚያጥቡ የእናቶቻችን እጆች አሉ።

ታዲያ ጫጩቱ በምን ይጠንክር? በአንጀቱ። ሲፈለፈል 40 ግራም ገደማ የሚመዝን ጫጩት በስድስት ሳምንት ከ2 ኪሎ በላይ የሚደርሰው የበላውን ወደ ሥጋ የሚለውጥ ጤነኛ አንጀት ሲኖረው ነው። እናት ዶሮ ታቅፋ የፈለፈለችው ጫጩት ከእናቱ ኩስና እሷ ከጫረችው አፈር ጠቃሚ ተሕዋስያንን ይለቅማል። የማሽን ጫጩት እናት የለውም፤ ባዶውን አንጀት ቀድሞ የደረሰው ባክቴሪያ ይወርሰዋል። ኑርሚና ራንታላ የተባሉ የፊንላንድ ተመራማሪዎች በ1973 ከጤነኛ ትልልቅ ዶሮዎች አንጀት የወሰዱትን ተሕዋስያን ለጫጩቶች ሰጥተው ሳልሞኔላን እንደሚከላከል አሳዩ። ዛሬ ፕሮባዮቲክ እየተባለ የሚሸጠውም በዚሁ ሐሳብ የሚሠራ ነው፤ ሕያዋን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ናቸው። ሕያው ነገር ነውና ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት፣ ክሎሪን ባለበት ውኃ አትበጥብጡት፣ ከአንቲባዮቲክ ጋርም አንድ ላይ አትስጡት፤ በአንድ እጅ የዘራችሁትን በሌላው ትነቅላላችሁ። አሲዶች፣ ኢንዛይሞች፣ ነጭ ሽንኩርትም አንዳንዴ ያግዛሉ፤ ውጤታቸው ግን እንደ ቤቱና እንደ መኖው ይለያያል፤ ተአምር የሚነግራችሁን ነጋዴ አትመኑ።

ከሁሉ አስቀድማችሁ ገንዘባችሁን ቤቱ ላይ አውሉ። እርጥብ ጉዝጓዝ ላይ ለቆሙ ዶሮዎች ውድ ማሟያ መግዛት ጣሪያው እያፈሰሰ ወለል እንደመወልወል ነው። ኮክሲዲዮሲስ የተባለውን በሽታ የሚያመጣው ተውሳክ እንቁላሉ የሚበስለው በሞቀና በረጠበ ጉዝጓዝ ውስጥ ነው፤ ተውሳኩ የአንጀቱን ግድግዳ ይቀድዳል፣ በቀደደውም ክሎስትሪዲየም የተባለው ባክቴሪያ ገብቶ አንጀቱን ያበሰብሳል። ስለዚህ ሰጋቱራውን በእጃችሁ ጨብጡት፤ ስትለቁት እንደተጠቀለለ ከቀረ ረጥቧል፣ አውጡና ደረቁን ተኩ። የሚያንጠባጥበውን መጠጫ ያን ዕለት ጠግኑ፤ መጠጫውን በየቀኑ እጠቡ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሙቀቱ ጫጩቶቹ ባሉበት 32 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፤ ተቆላልፈው ከተጫጫኑ በርዷቸዋል፣ ከማሞቂያው ሸሽተው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል። በመጡ ማግሥት ጠዋት አንገታቸው ሥር ያለውን የምግብ ከረጢት በጣታችሁ ዳስሱ፤ ሞልቶ ለስለስ ካላለ መኖና ውኃ አላገኙም፣ ያንኑ ሰዓት አስተካክሉ። የሻገተ በቆሎና የኑግ ፋጉሎ ስለረከሰ አትግዙ። ከጤነኛው ጋር ቢቀላቀል የሻጋታው መርዝ አይጠፋም።

ከበሽታ ሁሉ ማምለጥ አይቻልም። ለፈንግልና ለጉምቦሮ ክትባቱን በጊዜው ስጡ። ዶሮ ሲሞት ዝም ብላችሁ አትቅበሩ፤ የእንስሳት ሐኪም ከፍቶ ይይላችሁ። አንቲባዮቲክ ለቫይረስ አይሠራም፤ ለፈንግል ቴትራሳይክሊን የምታጠጡ ገንዘባችሁን እያፈሰሳችሁ ነው። ሐኪሙ መድኃኒት ካዘዘ ደግሞ በታዘዘው መጠንና ቀን ጨርሱ፣ የጀመራችሁበትንና ያበቃችሁበትንም ቀን ጻፉ።

የመድኃኒቱ እሽግ ላይ ከመጨረሻው መድኃኒት እስከ እርድ መቆየት ያለበት የቀን ብዛት ተጽፏል። ይህ ቀን በብዛት የሚጣሰው በፋሲካ ዋዜማ ነው፤ ዶሮዎቹ የሚታመሙት ገዢው በር ላይ ሲቆም ይመስላል፣ መኖውም ብድር ነው። ችግራችሁ ይገባኛል። ቢሆንም የታከመውን መንጋ ለዩት፣ ጤነኛውን ሽጡ፣ የቀረውን ቀኑ እስኪሞላ አቆዩ። ሁለት ወር ገደማ ጾሞ ልጆቹን ሰብስቦ የሚፈታ ሰው ከእናንተ የገዛውን ዶሮ አምኖ ነው የሚበላው። ደግሞም ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምምና ያቆያችሁት ዶሮ ገዢ አያጣም፤ ጥቂት ብር ቀንሳችሁ ትሸጡት ይሆናል።