ሞተር፦ በዱቤ ወይስ እጅ በእጅ

ሞተር ሳይክል እጅ በእጅ የገዛ ሰው ዕዳ የለበትም፤ በዱቤ የገዛው ደግሞ ገንዘቡ እስኪሞላ ሳይጠብቅ ሥራ ይጀምራል። ገበያው ደህና በሆነበት ጊዜ የሁለቱ ልዩነት ብዙ አይታይም። ኑሮ ሲከብድ ግን ይሰፋል። ሥራ የቀዘቀዘበት ወር ለመጀመሪያው ጥቂት ገቢ የተገኘበት ወር ነው፤ ለሁለተኛው ክፍያ የጎደለበት፣ ቅጣት የተጻፈበት፣ ዋስ ለሆነው አጎት ስልክ የተደወለበት ወር ነው። ሞተር ለመግዛት የሚያስብ ወጣት ስሌቱን ከዚህ ክፉ ወር ቢጀምር ይጠቀማል።

ብድር ሁሉ ክፉ ነው የሚለው የቆየ ምክር ለዚህ ዘመን ሙሉ በሙሉ አይሠራም። የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ በ2010 ዓ.ም መጀመሪያ 7 በመቶ እንዲሆን ተደረገ፤ በ2014 ዓ.ም የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት ገንዘቡን ባንክ አስቀምጦ የሞተር ዋጋ እስኪሞላ የጠበቀ ሰው በየወሩ እየቆጠበ ከሞተሩ እየራቀ ሄዷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ሞተሩም መለዋወጫውም ከውጭ በሚመጣበት አገር ይህ ለቆጣቢ ከባድ ምት ነው። ስለዚህ በንረት ጊዜ ዕቃን ቀድሞ መያዝ የሚል ሐሳብ መሠረት አለው።

ከዚያው ሐሳብ ተነሥቶ «ብር እየረከሰ ስለሚሄድ ዕዳው ይቀላል» የሚባለው ግን ግማሽ እውነት ነው። ዕዳው የሚቀለው የተበዳሪው ገቢ ከዋጋው ጋር አብሮ ሲያድግ ነው። ሞተረኛ ደግሞ ተሳፋሪው ወይም ዕቃ የሚልክለት ነጋዴ የመክፈል አቅሙ በተዳከመበት ወቅት ዋጋ ለመጨመር ይቸገራል። በሐምሌ 2014 ዓ.ም አንድ ሊትር ቤንዚን 50 ብር አይሞላም ነበር፤ በ2017 ዓ.ም ከ100 ብር አልፏል። ወርሃዊ ክፍያው በብር ሲታይ ያው ነው፤ ከክፍያው በፊት ከኪሱ የሚወጣው ግን ጨምሯል። በቋሚ ደመወዝ የሚተዳደር ሰውም ያው ነው፤ የጤፍና የቤት ኪራይ ጭማሪ የሞተሩን ክፍያ ቀድሞ ይበላበታል።

የብድር ዋጋ የሚታወቀው በወለዱ መቶኛ ብቻ አይደለም፤ መቶኛው በምን ላይ እንደሚታሰብ ማወቅ ያስፈልጋል። ለስሌት ያህል የሞተሩ ዋጋ 200 ሺህ ብር ይሁን። ገዢው 60 ሺህ ብር ቅድሚያ ከፍሎ 140 ሺህ ብር በ18 በመቶ ወለድ ለሁለት ዓመት ተበደረ እንበል። ወለዱ እስከ መጨረሻው በመጀመሪያው 140 ሺህ ብር ላይ ከታሰበ ወለዱ ብቻ 50,400 ብር ይሆናል፤ ወርሃዊ ክፍያው 7,933 ብር ነው። በየወሩ በቀረው ዕዳ ላይ ከታሰበ ግን ወለዱ ወደ 27,700 ብር፣ ወርሃዊ ክፍያው ወደ 6,990 ብር ይወርዳል። ሁለቱም ውል ላይ «18 በመቶ» ተብሎ ይጻፋል፤ በመካከላቸው ያለው ከ22 ሺህ ብር በላይ ነው። አበዳሪው ፊት ቀርቦ «ወለዱ የሚታሰበው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይስ በመነሻው?» ብሎ መጠየቅ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የአገልግሎት ክፍያው፣ የመድኑ ወጪና የመዘግየት ቅጣቱም እዚያው ተጠይቀው ይደመሩ።

ሱቁ ራሱ በዱቤ ሲሸጥ ወለድ የለውም ሊል ይችላል። ያን ጊዜ የእጅ በእጅ ዋጋውን ጠይቆ ልዩነቱን ማስላት ነው፤ ልዩነቱ ያው ወለድ ነው። ከወለድ ነፃ የባንክ አገልግሎት በሚሰጡ ባንኮች የሚታወቀው ሙራባሃ ግን አሠራሩ ግልጽ ነው፦ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ፣ ትርፉን አሳውቆና ጨምሮ ለደንበኛው ይሸጣል፤ ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ በኋላ አያድግም። ከግለሰብ በሚወሰድ ብድር ረገድ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በዓመት ከ12 በመቶ የበለጠ ወለድ መዋዋልን አይፈቅድም፤ አራጣም በወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ነው። ለሞተር ብሎ ከአራጣ አበዳሪ ደጅ የሚደርስ ወጣት ለሞተሩ ሳይሆን ለአበዳሪው ተቀጥሮ መሥራት ይጀምራል፤ ይህን መንገድ በሩቁ መሸሽ ነው።

አሁን ወደ ክፉው ወር። አንድ ሞተረኛ ቤንዚን፣ ምሳና የስልክ ካርድ ተቀንሶ በቀን 600 ብር ይተርፈዋል፤ በወር 24 ቀን ይሠራል እንበል። ወሩን ሲዘጋ 14,400 ብር አለው። ለዘይት፣ ለጎማ፣ ለካቴና፣ ለፍሬን ሸራና ለዓመቱ ቦሎ 2 ሺህ ብር ያስቀምጣል፤ ለቤት 4 ሺህ ብር ይሰጣል። የቀረው 8,400 ብር ከላይ የተጠቀሰውን 7,933 ብር ይሸፍናል። ብዙ ወጣት ስሌቱን እዚህ ላይ ያቆማል፤ ውሉንም ይፈርማል። ነሐሴ ሲገባ ግን ዝናቡ ከማለዳ ይጀምራል፣ ተሳፋሪው ጣራ ያለው ባጃጅ ይመርጣል፣ የሠፈሩ መንገድ ጭቃ ይሆናል። የሥራ ቀኑ 18፣ የቀኑ ትርፍ 500 ብር ቢሆን 9 ሺህ ብር ነው። ጥገናውና የቤቱ ወጪ ክረምት ብለው አይቀንሱም፤ እነርሱ ሲወጡ የሚቀረው 3 ሺህ ብር ነው። ክፍያው ወደ 5 ሺህ ብር ይጎድለዋል፤ ክረምቱ ሦስት ወር ከዘለቀ ጉድለቱ 15 ሺህ ብር ይጠጋል።

እንግዲህ ይህ ሰው መበደር የሚችለው 3 ሺህ ብር የሚከፍለውን ያህል ብቻ ነው። በመነሻው ዕዳ ላይ ወለድ በሚያስበው አበዳሪ 53 ሺህ ብር አይሞላም፤ በቀሪው በሚያስበው 60 ሺህ ብር ገደማ ነው። ቀሪውን 140 ሺህ ብር ወይም ከዚያ በላይ ከራሱ ማምጣት አለበት፤ ወይም በዋጋ ዝቅ ያለ ሞተር መፈለግ አለበት። መልሱ መራራ ነው፤ ግን ሞተሩን በክረምት ከመነጠቅ ያድናል።

እጅ በእጅ መግዛትም የራሱ አደጋ አለው። ያለውን ጥሪት ሙልጭ አድርጎ ሞተር ላይ ያዋለ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ፍሪሲዮኑ ቢበላበት፣ ወይም በቤቱ ሰው ቢታመምበት፣ በችግር ተይዞ ይበደራል፤ በችግር የሚገኝ ብድር ደግሞ ሁልጊዜ ውድ ነው። ስለዚህ ከግዢው በኋላ ቢያንስ የሁለት ወር የቤት ወጪና የአንድ ከባድ ጥገና ገንዘብ በእጅ መቅረት አለበት። ይህ ካልቀረ እጅ በእጅ የሚለው ስም እንጂ ዕዳው የዘገየ ብቻ ነው።

በሁለቱ መካከል ዕቁብ አለ። እጣው ቀድሞ ለወጣለት ሰው ወለድ የሌለው ብድር ነው፤ መጨረሻ ለወጣለት ደግሞ ወለድ የማይከፍል ቁጠባ ነው፤ ዋጋ በሚሮጥበት ጊዜ የኋለኛው ይጎዳል። ሆኖም ያለ መያዣና ያለ ቢሮ ደጅ ጥናት ትልቅ ገንዘብ በአንድ ጊዜ በማስጨበጥ ዕቁብን የሚተካከል ጥቂት ነው። ዳኛውና ጸሐፊው የታወቁ፣ እያንዳንዱ ባለ እጣ ተያዥ የሚጠራበት ዕቁብ መሆን አለበት። የዕቁቡ መዋጮና የብድሩ ክፍያ ግን በአንድ ወቅት ከአንድ ኪስ እንዳይወጡ መጠንቀቅ ነው።

ያገለገለ ሞተር ዕዳውን ያቀላል፤ ነገር ግን የሚገዛው ከሰነዱ ጋር ነው። በሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ በአንድ ይመሳከራል፤ እገዳ እንደሌለበትም ከመዘገበው መሥሪያ ቤት ይጣራል። ስም ሳይዛወር በውክልና ብቻ መግዛት በየሠፈሩ የተለመደ ነው፤ ሆኖም ሻጩ ውክልናውን ሊሽረው ይችላል፣ ሲሞትም ውክልናው ይፈርሳል፤ ገዢው ያን ጊዜ ከወራሾች ጋር ይከራከራል። ስም ማዛወሪያውን ወጪ ከዋጋው ጋር አብሮ ማሰብ ይሻላል።

ሞተሩ የሚሠራበት ከተማ ደንብም ከብድሩ በፊት ይጠየቃል። በአዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም ጀምሮ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ሲከለከል ፈቃድ ያልነበረው ሞተር ሁሉ ከሥራ ወጥቶ ቆሟል። ሞተር በደንብ ሊቆም ይችላል፤ የብድር ክፍያ ግን አብሮት አይቆምም። የሥራ ፈቃድ፣ ታርጋና መንጃ ፈቃድ ሳይሟላ የሚፈረም ውል ገና ያልተጀመረን ሥራ በዕዳ ያስይዛል።

ውሉ ሲመጣ ሦስት ቦታ ላይ ቆም ብሎ ማንበብ ይገባል። አንደኛው ባለቤትነት ነው። በሊዝ የተገዛ ሞተር የመጨረሻው ክፍያ እስኪጠናቀቅ የአከራዩ ነው፤ በብድር የተገዛው በገዢው ስም ሆኖ በመያዣነት ይታገዳል። የሚንቀሳቀስ ንብረት መያዣን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ነው። ሁለተኛው መድን ነው። በአዋጅ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ሌላ ሰው ላይ ለደረሰ ጉዳት እንጂ ለገዛ ሞተር አይከፍልም፤ ሙሉ መድን የሌለው ሞተር ሌሊት ከግቢ ቢሰረቅ ዕዳው እንዳለ ይቀጥላል። ሦስተኛው ዋስ ነው። ዋስ የፈረመ ዘመድ ተበዳሪው ሲያቅተው ከፋይ ነው፤ ስለዚህ የወሩን ክፍያ ልክ፣ የውሉን ዘመንና ቅጣቱን ከመፈረሙ በፊት ሊነገረው ይገባል።

ክፍያ እንደሚጎድል የታወቀ ዕለት አበዳሪው ዘንድ መሄድ ሞተር ከመደበቅ ይሻላል። ገና ያልዘገየ ተበዳሪ የክፍያ ጊዜ እንዲራዘምለት ሲጠይቅ የሚሰማው ያገኛል፤ ሦስት ወር ጠፍቶ የተያዘ ግን ስለ ሐራጅ ይነገረዋል። ገንዘብ ሲገኝ ቀድሞ መክፈል ወለድ ይቀንስ እንደሆነም ውሉ ላይ ይታያል፤ ወለዱ በመነሻው ዕዳ ላይ ከታሰበ ቀድሞ መክፈል ምንም ላይጠቅም ይችላል።

የመጨረሻው ክፍያ በተፈጸመ ሳምንት ከአበዳሪው ከዕዳ ነፃ መሆንን የሚገልጽ ደብዳቤ ይወሰዳል። ደብዳቤው ሞተሩ ለተመዘገበበት መሥሪያ ቤት ቀርቦ እገዳው ይነሣል፣ ሊብሬው ይመለሳል፤ የዋሱም ፊርማ መሰረዙ በጽሑፍ ይረጋገጣል።