ዳግመኛ የመጣ እንግዳ

ቬኒስን በበጋ አይቶ የወደዳት መንገደኛ በብርድ ወራት ዳግመኛ ቢመጣ ሌላ ከተማ የገባ ይመስለዋል። ፊት በሕዝብ ተሞልቶ ያየው የቅዱስ ማርቆስ አደባባይ በጥር ጕም ተሸፍኖ ዝም ይላል፤ በምሽትም ብዙው መስኮት መብራት የለበትም።

ይህ ዝምታ የብርዱ ሥራ ብቻ አይደለም። አሮጌይቱ ከተማ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1951 ዓ.ም. 175,000 ያህል ነዋሪ ነበራት፤ በ2022 ግን ከ50,000 በታች ሆነ። ከሄደው አንዱን 194 ሳንቲ ሜትር የደረሰው የ1966 የባሕር ሙላት፥ አንዱን ሥራ ማጣት አሰደደው፤ ሌላውም ቤቱ ኹሉ ለእንግዳ ስለ ተከራየ ማደሪያ አጣ።

እንግዲህ የሚወደውን ነገር በመውደዱ የሚጐዳ ሰው በደለኛ ነውን? የፊተኛው መምጣቱ ባለማወቅ ነበርና ይቅር ይባልለታል፤ ኹለተኛው ግን እያወቀ ነው። ከተማው በ2024 ለቀን ውሎ በሚመጣ እንግዳ ላይ የ5 ዩሮ ቀረጥ ጣለ፤ ይኸውም ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ በተመረጡ ቀኖች ነበረ። በብርድ ወራት ግን ከኅሊናው በቀር የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ ነዋሪውን ካስለቀቀ ቤት ባያድር፥ የሚገዛውንም ከነዋሪው ቢገዛ፥ ከዕዳው ጥቂቱን ከፈለ። ባለቤት በሌለበት ቤት እንግዳ የሚባል የለምና።