ሳያውቁ ስለ መፍረድ

ሰው ስለ ጎረቤቱ ያላየውን ነገር ሲናገር ኅሊናው ይወቅሰዋል፤ ኅሊናው ዝም ቢል እንኳ ጎረቤቱ ዝም አይልም። ስለ አዲስ መሣሪያ ያላወቀውን ሲናገር ግን የሚከሰው የለም፤ መሣሪያ ስሜ ጠፋ ብሎ ዳኛ ፊት አይቆምምና። ስለዚህ በአዲስ መሣሪያ ወሬ ላይ እንዳሻ መፍረድ ከጨዋታ እንጂ ከበደል አይቆጠርም። ጠዋት በሬዲዮ ወይም በስልኩ አንድ ወሬ የሰማ ሰው ቀትር ሳይደርስ ፈራጅ ይሆናል፤ አንዱ «ይህ ነገር ዓለምን ይለውጣል» ይላል፤ ሌላው «የሥራ ፈት መጫወቻ ነው» ይላል፤ ሁለቱም መሣሪያውን በዓይናቸው አላዩትም። እኔም ራሴ ብዙ ዘመን እንዲሁ ስጫወት ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን ይህ ጨዋታ ሰውን ሊጎዳ እንደሚችል አውቄአለሁ፤ ያወቅሁትም ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ ጥፋቴ ነው።

በ1991 ዓ.ም. አስተማሪ ሳለሁ፥ ትምህርቱን ሊጨርስ ጥቂት ወራት የቀሩት አንድ ተማሪ ከክፍል ስወጣ ጠብቆ፥ «ጋሼ፥ አጎቴ ኮምፒዩተር የምማርበት ገንዘብ ሊሰጠኝ ነው፤ ልማረው ወይስ ገንዘቡን ለሌላ ነገር ላድርገው?» ሲል ጠየቀኝ። በዚያ ወራት የአውሮፓው 2000 ዓመት ሲገባ ኮምፒዩተሮች ሁሉ ይቆማሉ የሚል ወሬ በየቦታው ይወራ ነበር። በመምህራን ማረፊያ ክፍልም «የእኛ ዘመን ገና 1992 ስለሚሆን እኛን አይነካንም» እያለ የሚያሥቀን ባልደረባ ነበረን። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የኮምፒዩተር ቁልፍ በጣቴ ነክቼ አላውቅም ነበር። ሆኖም ልጁን፥ «ለመሞት የቀረበ በሬ ማን ይገዛል? ገንዘብህን አታባክን» አልሁት። ልጁም እጅ ነሥቶ ሄደ፤ እኔም በቀልዴ ደስ ብሎኝ ረሳሁት።

የወሬው መሠረት ምን እንደ ነበር ያነበብሁት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። በቀድሞ ጊዜ የኮምፒዩተር የማስታወሻ ቦታ እጅግ ውድ ስለ ነበረ፥ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ቦታ ለመቆጠብ ሲሉ ዓመቱን በመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ብቻ ይጽፉት ነበር፤ 1965 ለማለት 65፥ 1999 ለማለት 99። እንግዲህ 99 አልፎ 00 ሲመጣ መሣሪያው 2000ን ከ1900 መለየት ይሳነዋል፤ ዕድሜን፥ ወለድን፥ የዕዳ መክፈያ ቀንን ሲያሰላ ይሳሳታል። ስለዚህ የተፈራው በሬው መሞቱ ሳይሆን ሒሳቡ መበላሸቱ ነበር። ይህንንም ለማረም በየአገሩ እጅግ ብዙ ባለሙያዎች ለዓመታት ደከሙ፤ ወጪው በመቶ ቢሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር እንደ ሆነም ተገምቷል።

የተፈራው ቀን በታኅሣሥ 1992 ዓ.ም. መጣና በሰላም አለፈ። እኔም በማግሥቱ፥ «አላልኋችሁም? ሁሉም የፈረንጅ ውሸት ነው» ብዬ ሁለተኛ ፈረድሁ፤ የመጀመሪያውን ፍርዴን ግን አንድም ቀን አላነሣሁትም። ይህ አነጋገሬ፥ ጎርፍ ቤት እንዳይገባ ቦይ የቆፈረውን ሰው፥ ጎርፉ ሳይገባ ሲቀር «በከንቱ ደከምህ» እንደ ማለት ያለ ነው። ደግሞም ስሕተቱ ከየቦታው ሁሉ አልጠፋም ነበር። በአሜሪካ የባሕር ኃይል የከዋክብት መመልከቻ ድርጅት በኢንተርኔት ባወጣው ገጽ ላይ ዓመቱ 19100 ተብሎ ታየ፤ ይህ የሚያሥቅ ነው። በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ግን ኮምፒዩተሩ የእናቶችን ዕድሜ በትክክል ማስላት ስላልቻለ፥ ለ154 ነፍሰ ጡር ሴቶች በማሕፀናቸው ስላለው ሕፃን ጤና የተሳሳተ ግምት ተነገራቸው። ይህ አያሥቅም። እንግዲህ እኔ ሁለት ጊዜ ፈረድሁ፥ ሁለት ጊዜም ተሳሳትሁ፤ በመጀመሪያ ወሬውን ሳልመረምር አመንሁ፥ ቀጥዬ ሳልመረምር ካድሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ያን ተማሪ በአንድ ለቅሶ ቤት አገኘሁት። ትልቅ ሰው ሆኗል። ስለ ኑሮው ስጠይቀው፥ ኮምፒዩተርን የተማረው ቤተሰብ ከመሠረተ በኋላ፥ ቀን እየሠራ ማታ እየተማረ፥ ከልጆቹ ጉሮሮ በነጠቀው ገንዘብ እንደ ሆነ ነገረኝ። «ያኔ አጎቴ ሊሰጠኝ ነበር፤ ነገር ግን እርስዎ ካሉ ብዬ ተውሁት» አለኝ። ቂም ይዞ አልነበረም የተናገረው፤ እንደ ማንኛውም ያለፈ ነገር ነበር ያወጋኝ። እኔ ግን መሬት ብትከፈት በወደድሁ። ይቅርታ ብለምነው ደነገጠና፥ «ኧረ ጋሼ! እርስዎ ምን አጠፉ? አስተያየት ነው የሰጡኝ» አለኝ።

ይህ መልሱ ከወቀሳ ይልቅ አስጨነቀኝ። በውነቱ አስተያየት ምንድር ነው? በእውቀትና ባለማወቅ መካከል ያለ ነገር ነው ያሉ ሊቃውንት አሉ። ነገር ግን ቃል በተናገረው ሰው ዘንድ ያለው ክብደትና በሰማው ሰው ዘንድ ያለው ክብደት አንድ አይደለም። እኔ ያቀለልሁት ቃል በልጁ ዘንድ ከበደ፤ ያከበደውም የቃሉ እውነትነት ሳይሆን ልጁ በእኔ ላይ የነበረው እምነት ነው። ተናጋሪው አንዲት ሳንቲም ሳይከፍል ሰሚው የአሥር ዓመት ዋጋ ከፈለበት። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» የሚሉት አባቶቻችን ይህን ስላዩ ነው።

ወጣቶች ሆይ፥ ይህ የአስተማሪ ጉዳይ እንጂ የእኛ አይደለም አትበሉ። ፊደል ያልቆጠረች እናታችሁ፥ ከእናንተ በታች ያለው ታናሽ ወንድማችሁ፥ እናንተ ስለምታነቡ ብቻ እንደ ሊቅ ይሰሟችኋል። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስለሚባለው ነገር «ሥራን ሁሉ ሊያጠፋ ነው» ወይም «ከንቱ ጫጫታ ነው» ብላችሁ በቡና ላይ ስትጨዋወቱ፥ ወንድማችሁ በጓዳ ሆኖ ምን ልማር፥ ምንስ ልተው እያለ ያዳምጣል።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ፥ «እንግዲያስ ከሊቃውንት በቀር ማንም አይናገር ማለትዎ ነውን?» ይለኝ ይሆናል። አይደለም። ዝምታም እንደ ችኩል ፍርድ ይጎዳል። በ2003 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኤልዛቤት ሆምስ የተባለች ወጣት በአሜሪካ ቴራኖስ የሚባል ኩባንያ አቋቋመች፤ ኩባንያውም ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ጥቂት የደም ጠብታ ብዙ ዓይነት ምርመራ የሚያደርግ መሣሪያ አለኝ አለ። በቦርዱም ሄንሪ ኪሲንጀርንና ጆርጅ ሹልትዝን የመሰሉ የቀድሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ተቀመጡ። ብዙ ሰውም የሰዎቹን ክብር አይቶ መሣሪያውን አመነ። በ2015 ነገሩን በጋዜጣ የገለጠው ጆን ካሪሩ ሐኪም አልነበረም፤ ጋዜጠኛ ነበር። እርሱ ግን «መሣሪያው እንደ ተባለው ይሠራልን?» ብሎ ጠየቀ፥ የሚያውቁትንም ሰዎች ፈልጎ አነጋገረ። ሴትዮዋም በ2022 ገንዘባቸውን ያፈሰሱትን ሰዎች በማታለል ጥፋተኛ ተብላ ከ11 ዓመት በላይ እስራት ተፈረደባት። እንግዲህ ያላወቀ ሰው የተከለከለው መፍረድ እንጂ መጠየቅ አይደለም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለውም ተረት ጥምጥሙን አልነቀፈም፤ ቅደም ተከተሉን ነው ያስተማረን።

ከዚህም ሌላ፥ የተሳሳተ ሰው ስሕተቱን በጊዜው ማረም አለበት። ሮበርት ጎዳርድ የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ሮኬት ወደ ጨረቃ ሊደርስ ይችላል ብሎ ስለ ጻፈ፥ በጥር 1920 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኒው ዮርክ ታይምስ በርእሰ አንቀጹ ዘበተበት፤ አየር በሌለበት ጠፈር ሮኬት የሚገፋው ነገር ስለሌለ ሊሄድ አይችልም፥ ይህን የመሰለውን ነገር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እንኳ ያውቀዋል የሚል ነበር ነገሩ። ሮኬት ግን የሚሄደው አየርን ገፍቶ አይደለም፤ የገዛ ጋዙን ወደ ኋላ ሲያስወጣ ጋዙ በፈንታው እርሱን ወደ ፊት ስለሚገፋው ነው። ጎዳርድም ይህን አየር በወጣለት ዕቃ ውስጥ ፈትኖ ቀደም ሲል ጽፎት ነበር፤ ቢጠይቁት በነገራቸው። እርሱ ዘለፋውን ችሎ በመጋቢት 1926 በፈሳሽ ነዳጅ የሚሄደውን የመጀመሪያውን ሮኬት ወደ ሰማይ ላከ፤ የወጣውም 12 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ጋዜጣው ስሕተቱን ያረመው በሐምሌ 17 ቀን 1969፥ ሰዎችን ወደ ጨረቃ የያዘው ሮኬት በተነሣ በማግሥቱ ነው። ማረሙ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ጎዳርድ ከሞተ 24 ዓመት ያህል ሆኖት ነበር።

እኔ ከጋዜጣው የምሻልበት አንድ ነገር ቢኖር ይቅርታ የምለምነው ሰው በሕይወት ሳለ መለመኔ ነው፤ ይህም በእኔ ትጋት ሳይሆን በአጋጣሚ የሆነ ነው።

በቋንቋችን «አሉ» የምትባል ትንሽ ቃል አለች። ሽማግሌዎች ያላዩትን ነገር ሲያወሩ በመጨረሻ «አሉ» ይሏታል፤ የእኔ አይደለም፥ ሰምቼ ነው ማለታቸው ነው። እኔ ለዚያ ልጅ «ኮምፒዩተር ይቆማል አሉ፤ እኔ ግን ስለማላውቀው የሚያውቅ ሰው ጠይቅ» ብዬው ቢሆን ኖሮ፥ ክብሬ ምንም ባልቀነሰ፥ እርሱም የሚያውቅ ሰው ፈልጎ በሄደ ነበር። ይህችን ቃል አትጣሏት። የምታውቁትን «አውቃለሁ» በሉ፤ የሰማችሁትን «አሉ» በሉ፤ ታናሽ ወንድማችሁ ሲጠይቃችሁም ሁለቱን አትደባልቁበት።