የትርፍ ጊዜ ዜማና የባለሙያው ድካም

በትርፍ ጊዜው በቤቱ ዜማ የሚያቀናብር ሰው፣ ዋጋው የከበደውን የሙዚቃ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ቁልፉን ሰብረው ከሚያድሉ ሰዎች ወስዶ ቢገለገልበት በደል ነውን? «ከባለቤቱ የሚጎድል የለም፤ ገንዘብም አላገኝበትም» የሚል መከራከሪያ ዘወትር ይሰማል።

መከራከሪያው ፈጽሞ ባዶ አይደለም። በሬው የተሰረቀበት ገበሬ በሬውን ያጣል፤ ፕሮግራሙ የተቀዳበት ባለሙያ ግን ሥራው በእጁ ይቀራል። የሚቀርበት የድካሙ ዋጋ ነው። ካሴቱ ያለ ፈቃድ እየተባዛ የተሸጠበት ድምፃዊም የተበደለው እንዲሁ ነበር። ያን በደል የሚያወግዝ አቀናባሪ፣ መሣሪያውን በሠራለት ሰው ላይ ሲደርስ እንዴት ዝም ይላል? «ያለዚያማ አልገዛውም ነበር» ማለትም ሳይገዙ ለመተው እንጂ ሳይገዙ ለመገልገል ምክንያት አይሆንም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410ም የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከመጻሕፍት ጋር በአንድነት ይጠብቃል።

«ድህነትስ?» ይባል ይሆናል። ከአገራችን ሆኖ በዶላር መክፈል ለብዙዎች አዳጋች መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የተራበ ሰው የሌላውን እንጀራ ቢያነሣ የሥነ ምግባር መምህራን የማይፈርዱበት፣ ሕይወቱን የሚያድንበት ሌላ መንገድ ስላጣ ነው። የትርፍ ጊዜ ዜማ ያን ያህል አያስገድድም፤ ደግሞም ሌላ መንገድ አለ። ድምፅ ለመቅዳትና ለማረም የሚያገለግለው «ኦዳሲቲ» ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ ይታደላል፤ «ሪፐር» ለ60 ቀናት ያለ ክፍያ ይሞከራል፤ ለግል መገልገያም ዋጋው 60 ዶላር ነው።

እንግዲህ አቅም ያለው ይክፈል፤ የሌለው በፈቃድ በተሰጠው ይጀምር። ወጣቶችን የምናስተምርም «አትስረቅ» የሚለው ትእዛዝ በእጅ የማይዳሰሰውንም ንብረት እንደሚመለከት አብረን እናስረዳ።