የማይታየው የኮከብ ትርታ

 

የጠዋት ዚክርህን «ምን ለወጠልኝ?» ብለህ ልትተወው ነው? በየሌሊቱ የምትሰግጃት ሁለት ረከዓ ከንቱ መስላሽ ታውቃለች? ዛሬ ስለ አንድ ኮከብ ልንገራችሁ።

ኬሚካላዊ ይዘታቸው ለየት ያለ ኮከቦች አሉ። የማግኔት ኃይላቸው ብርቱ ነው፤ የላይኛው አካላቸው የረጋ ነው። ከመርጋቱ የተነሳ የኮከቡ ብርሃን ራሱ እንደ ዩሮፒየም ያሉ ንጥረ ነገሮችን ገፍቶ ወደ ላይ ያወጣቸዋል። በ1978 እ.ኤ.አ. ዶናልድ ከርትዝ የተባለ ተመራማሪ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከነዚህ አንዱን፣ የፕሺቢልስኪ ኮከብ የሚባለውን፣ ደጋግሞ ለካው። ኮከቡ በየ12 ደቂቃው ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ለካስ ያ የረጋ ኮከብ እንደ ልብ ይመታ ኖሯል! ሱብሓነላህ።

ትርታው ፈጣን ነው፤ በጣምም ትንሽ ነው። ብርሃኑ ከሺህ አንድ እጅ እንኳ የማይለወጥ ኮከብ አለ። በ2018 እ.ኤ.አ. ወደ ህዋ የተላከው ቴስ የተባለው ቴሌስኮፕ አንድን የሰማይ ክፍል ለ27 ቀናት ያህል ይመለከታል፤ የተመረጡ ኮከቦችንም በየ2 ደቂቃው ይለካል። በየ30 ደቂቃው ቢለካ ኖሮ ብዙ ትርታ አንድ ላይ ተደባልቆ ይጠፋ ነበር። ከልኬቶቹ አንዱን ብቻ ነጥለህ ብታየው ምንም አይነግርህም። በሺዎች የሚቆጠሩት ሲደመሩ ግን ሌላው ሁከት እርስ በርሱ ይጣፋል፤ ሳያቋርጥ የሚደጋገመው ትርታ ጎልቶ ይወጣል።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው እንደሆነ አስተምረውናል። የአንድ ቀን ዚክርህን ነጥለህ ስትመዝነው በቀኑ ሁከት ውስጥ ይሰወርብሃል። ዓመት ሙሉ ስትዘወትረው ግን ቁጣህ ላይ፣ ምላስህ ላይ፣ ሶላትህ ላይ ይታያል።

«አንድ ሳምንት አቋርጫለሁ፣ ከእንግዲህ ምን ዋጋ አለው?» የምትሉም አላችሁ። ቴስም በየጊዜው መረጃውን ወደ ምድር ለመላክ ምልከታውን ያቋርጣል። ከዚያ ግን ይመለሳል፤ ትርታውም በክፍተቱ ምክንያት አይጠፋም። ሸይጧን የሚፈልገው አንድ ቀን እንድታቋርጥ ብቻ አይደለም፤ እንዳትመለስ ነው።

ቁርኣን ስለ ቴሌስኮፕ ይናገራል እያልኩ አይደለም። ነገር ግን በሱረቱል ሙልክ አላህ (ሱ.ወ) ሰማይን አንዴ አይተን እንዳናልፍ፣ ደጋግመን እንድንመለከት አዞናል። ሰው የኮከቡን ትርታ ለማየት ይህን ሁሉ ልኬት አስፈለገው። አላህ ግን ያንተን ሥራ ለማየት መደመር አያስፈልገውም፤ የቅንጣት ያህሏም ከርሱ አትሰወርም።

ዛሬ አንድ ትንሽ ሥራ ምረጡ። ካቋረጣችሁት ዛሬውኑ ተመለሱ። አላህ ቀልባችንን በዲኑ ላይ ያጽናልን፤ ጥቂቱን ሥራችንንም ይቀበለን። አሚን።